ወጣት ቡድን እየገነባን ነው፤ ከደረጃ ሰንጠረዡ ሌላ ምን እንቁጠር?

የቱሉ ዲምቱ ደጋፊ
ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ የሰፈራችን ቡድን ነባሮቹን ሸኝቶ በልጆች እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። ከ20 ተጫዋቾች 14ቱ ከ19 ዓመት በታች ናቸው። ስምንት ጨዋታ ተደርጎ አንዱን አሸነፍን፣ በሁለቱ አቻ ወጣን፣ በአምስቱ ተሸነፍን። ሜዳ ዳር ግማሹ ሰው «አሠልጣኙ ይነሳ» ይላል፤ ግማሹ «ልጆች ናቸው፣ ታገሱ» ይላል። ሁለቱም ወገን ግን ለሚለው ማሳያ የለውም። ልጆቹ እያደጉ ነው ወይስ ባሉበት ቆመዋል? ካሜራ የለንም። ያለን ደብተር፣ እስክሪብቶ እና እሁድ እሁድ ሳይቀር የሚመጣ ሰው ነው። በዚህ ምን መመዝገብ ይቻላል? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን። ከኮዬ ፈጬም፣ ከገላንም፣ ከአቃቂም ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ቡድኖች ስላሉ ለሁላችንም ይጠቅማል።


ደብተር ያዥ
ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡48

ስምንት ጨዋታ ለፍርድ ትንሽ ነው። እግር ኳስ ጎል የሚያንስበት ጨዋታ ስለሆነ (በትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች እንኳ የሁለቱም ቡድን ጎል ተደምሮ በጨዋታ 3 ገደማ ነው) አንዲት የነጠረች ኳስ የሳምንቱን ውጤት ትገለብጣለች። ስለዚህ ጎሉን ትታችሁ ጎሉን የሚወልደውን ቁጠሩ።

አንድ የደብተር ገጽ አግድም አዙሩና በስድስት ዓምድ ክፈሉት። እያንዳንዱ ዓምድ 15 ደቂቃ ነው። ወደ ታች አራት መስመር ብቻ ይኑር፦ እኛ ከሳጥን (ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ) ውስጥ የመታነው፤ በእኛ ላይ ከሳጥን ውስጥ የተመታው፤ በራሳችን ሜዳ ሲሶ ውስጥ የተነጠቅነው ኳስ፤ ከተነጠቅን በኋላ በ6 ሰከንድ ውስጥ መልሰን የነጠቅነው። ጭረት ብቻ ነው የሚደረገው፤ አምስተኛው ጭረት አራቱን ያስራል። ሌላ ነገር አትጨምሩ። ቅብብል እንቁጠር ያለ ሰው በ20ኛው ደቂቃ ደብተሩን ይዘጋል።

ለምን ከሳጥን ውስጥ? ከሳጥን ውጭ ከሚመቱ 100 ኳሶች ጎል የሚሆኑት ከ3 እስከ 4 ያህሉ ናቸው። ፍጹም ቅጣት ምት ግን ከአራት ሦስቱ ይገባል። አንድ ቡድን 15 ጊዜ ከሩቅ መትቶ «ተጫንናቸው» ቢል ያገኘው ዕድል ግማሽ ጎል ገደማ ነው። ከግቡ አፋፍ ሦስት ጊዜ የመታው ቡድን ይበልጠዋል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው አራቱንም መስመር መያዝ አይችልም። ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ የእኛን ማጥቃት፣ ሌላው መከላከላችንን ይዞ ይቀመጥ። ጎን ለጎን አይቀመጡ፣ ያወራሉ፣ ይስማማሉም። 6 ሰከንዱን በአፍ ቁጠሩ፤ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያላችሁ። የአንድ ጨዋታን ገጽ ከሌላ የአንድ ጨዋታ ገጽ ጋር አታወዳድሩ። የአምስት ጨዋታ ድምር ከቀጣዩ የአምስት ጨዋታ ድምር ጋር ሲተያይ ነው ነገሩ መናገር የሚጀምረው።


የድሮ ስምንት ቁጥር
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡15

ልጆቼ፣ ደብተሩን አልጠላሁትም። ነገር ግን ደብተር ነጥብ አያመጣም። ቡድኑ ከምድቡ ከወረደ ተሻሽለዋል የምትሏቸው ልጆች በክረምት ይበተናሉ፤ አንዱ ገላን ይሄዳል፣ አንዱ ዱከም፣ አንዱ ኳስ ይተዋል። እንግሊዞቹም «በልጆች ዋንጫ አይበላም» ብለዋል። ነባሮቹን በሙሉ መሸኘት ስህተት ነበር፤ እኔ የምቃወመው እዚያ ላይ ነው።


ደብተር ያዥ
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡31

ጋሼ፣ በዚህ አልቃወምዎትም። ያ አባባል የመጣው በነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ ተንታኙ አላን ሀንሰን በቴሌቪዥን ከተናገረው ነው። ዩናይትድ በዚያው የውድድር ዘመን ሊጉንም የኤፍ ኤ ካፑንም ወሰደ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ከቤካም፣ ከስኮልስና ከኔቪል ወንድማማቾች ጋር ግን ነባሮቹ ሽማይክል፣ ብሩስ፣ ፓሊስተር፣ ኧርዊንና ኪን ነበሩ፤ ካንቶና ደግሞ ቅጣቱ በመስከረም መጨረሻ ሲያልቅ ተመለሰ።

የሆላንዱ አያክስ የ1995 እ.ኤ.አ. ቡድንም እንዲሁ ነው። በቪየና በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ኤሲ ሚላንን 1 ለ 0 ያሸነፈበትን ጎል በ85ኛው ደቂቃ ያገባው የ18 ዓመቱ ክላይቨርት ነው። ኳሷን ያቀበለው ራይካርድ ግን 32 ዓመቱ ነበር፤ አምበሉ ብሊንድ 33። ልጆች ይሮጣሉ፤ መቼ መሮጥ እንደሌለባቸው የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው መቆም አለበት።

ስለዚህ ለአስተዳደሩ የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ይሁን፦ ሦስት ነባር ይመለስ። ከግብ እስከ አጥቂ ባለው አከርካሪ ላይ፣ ማለትም ግብ ጠባቂ ወይም መሐል ተከላካይ፣ የተከላካይ አማካይ፣ እና አንድ ከተጠባባቂ ወንበር የሚነሳ አጥቂ። በመስመር ላይ ነባር አያስፈልግም፤ እዚያ ልጅ ቢሳሳት ብዙ ጊዜ ኳሱ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ግብ አይሆንም።


የድሮ ስምንት ቁጥር
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡40

ይኸው ነው የምለው። ሦስቱ ይበቃሉ፤ አራተኛ ከተጨመረ የልጅ ቦታ ይዘጋል።


ሲ ላይሰንስ
ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡05

በደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩ፦ የገባብን ጎል ሁሉ ደቂቃው እና መነሻው። መነሻ ስል ጎሉን ያገባውን ሰው አይደለም፤ ኳሷ የጠፋችበትን ቦታ ነው። «67ኛ፣ ከግራ ተመላላሽ የተነጠቀ፣ ሦስት ሰው ከኳሱ ፊት ቀርቶ» ዓይነት አንድ መስመር።

ደቂቃው ለምን? የብሔራዊ ቡድናችንን የ2005 ዓ.ም. ጉዞ ውሰዱ። ከ31 ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫ ስንሳተፍ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው «አልቻልንም» ይላል። ደቂቃውን ተመልከቱ፦ የቡርኪና ጎሎች በ34ኛው፣ በ74ኛው፣ በ79ኛው እና በባከነ ሰዓት ጭማሪ ገቡ፤ ያውም ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ከወጣ በኋላ በ10 ሰው እየተጫወቱ ሦስቱን አገቡ። ናይጄሪያን ደግሞ እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ይዘን ነበር፤ ቪክተር ሞሰስ ሁለቱንም በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በሁለቱ ጨዋታ ከገቡብን ስድስት ጎል አምስቱ ከ74ኛው ደቂቃ ጀምሮ ናቸው። ይህ «አልቻልንም» ከሚለው የተለየ ችግር ነው፤ መድኃኒቱም የተለየ ነው።

የእናንተም ቡድን ጎል የሚቆጠርበት ከ60ኛው በኋላ ከሆነ ችግሩ ጉልበት፣ ቅያሬ እና ውኃ ነው። በየአጋማሹ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ከሆነ ማሟሟቂያው ነው። ተበታትኖ ከሆነ ግን ከቅርጻችሁ ወይም ከሜዳው ነው የሚመጣው፤ ያኔ የመነሻውን ዓምድ አንብቡ። ተመሳሳይ መነሻ በአምስት ጨዋታ ሦስት ጊዜ ከተደገመ አሠልጣኙን በትሕትና መጠየቅ መብታችሁ ነው። መነሻው በየሳምንቱ የሚለያይ ከሆነ ግን ቡድኑ የትናንቱን እያረመ አዲስ እየተሳሳተ ነው ማለት ነው። በግንባታ ዓመት ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሽንፈቱ ቢያምም።


የኮዬ ልጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

እኛ ጋ ጎሉ ሁሉ የሚገባው ከኋላ በቅብብል እንውጣ ሲባል ነው። ሰው «ምታው!» እያለ ይጮኻል፤ አሠልጣኙ ደግሞ «ይዘህ ውጣ» ይላል። ማን ነው ልክ?


ሲ ላይሰንስ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡52

ሐሳቡ የአሠልጣኙ ልክ ነው፤ መጠኑ ግን ከሜዳው ጋር መስማማት አለበት። ኳስ ይዞ መጫወትን የምንወድ ሕዝብ ነን፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን በኮትቻ ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ ከ12 ሜትር ሲያልፍ የት እንደሚነጥር አይታወቅም። በሣር ሜዳ 20 ሜትር የሚቀባበል ቡድን እዚህ ከ8 እስከ 12 ሜትር ይቀራረብ። መሐል ተከላካዮቹ በሳጥኑ ስፋት ሙሉ ከተለያዩ (40 ሜትር ነው) ግብ ጠባቂው የሚሰጠው እያንዳንዱ ኳስ ቁማር ነው።

ልምምዱ እንዲህ ይሂድ። 10 ሜትር በ10 ሜትር ካሬ፣ አራት ለሁለት (አራቱ ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ ይነጥቃሉ)፣ ሁለት ንክኪ፣ 90 ሰከንድ ሥራ፣ 45 ሰከንድ ዕረፍት፣ ስድስት ዙር። ልጆቹ በተከታታይ 8 ቅብብል በየዙሩ ሲደርሱ ካሬው ወደ 8 በ8 ይጥበብ። ብዙ ሰው ከ6 በ6 ይጀምራል፤ ኳሱ ይነጥራል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ መምታት ይለምዳል። ተቀባዩ ደረቱን ለአቀባዩ አዙሮ ከቆመ ያቁሙት፤ ጎኑን አዙሮ፣ ሜዳውን እያየ፣ በራቀው እግሩ ይቀበል። ይህችን አንዲት ነገር ያላረመ ቡድን በየሳምንቱ ከኋላ ይነጠቃል።

ለጊዜው አንድ ሕግ ይኑር፦ ተቀባዩ ጀርባውን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥቶ ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት ሰው ካለበት አይሰጠውም፤ ኳሱ በመስመሩ ከተከላካዩ ጀርባ ይላካል። ደጋፊ ግን ኳስ እግሩ ሥር ላለ ልጅ ምንም አይጩህ። «ምታው» የሚለው ድምፅ ከሦስት ወገን ሲመጣ ልጁ ውሳኔውን ይተዋል፤ የሚማረውም በመወሰን ነው። መጮኽ ካማራችሁ ኳሱ ከጠፋ በኋላ «ተመለስ!» በሉ፤ እሱ ይረዳል።


ወጌሻ ከገላን
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30

ስለ ጉዳት ማንም አላነሳም። ወጣት ቡድንን የሚያፈርሰው ሽንፈት ሳይሆን በአንድ ወር ውስጥ አምስት ልጅ መጎዳቱ ነው። የምታደርጉት ይህ ነው።

ማሟሟቂያው ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» ይሁን። 20 ደቂቃ ነው፤ 8 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ከእንቅስቃሴ ጋር፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ዕቃ አያስፈልገውም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሠሩት ቡድኖች ላይ ጉዳት ሲሶ ያህልና ከዚያም በላይ መቀነሱ በጥናት ታይቷል። የሚበላሸው ሰው መካከለኛውን ክፍል ዘሎ ሩጫውን ብቻ ሲሠራ ነው። ጥቅሙ ያለው መካከል ላይ ነው።

ለቋንጃ ጡንቻ የኖርዲክ ልምምድ አለ። ልጁ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፣ ልጁ ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ብሎ በቀስታ ወደ ፊት ይወርዳል፣ መያዝ ሲያቅተው በእጁ ይቀበላል። አንደኛ ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ 2 ዙር በ5። ሁለተኛ ሳምንት ሁለት ቀን፣ 2 ዙር በ6። ሦስተኛ ሳምንት ሦስት ቀን፣ 3 ዙር ከ6 እስከ 8። አራተኛ ሳምንት ሦስት ቀን፣ 3 ዙር ከ8 እስከ 10። በመጀመሪያው ቀን 3 ዙር በ10 ያሠራ ሰው ልጆቹን ለአራት ቀን መራመድ ያሳጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ልምምዱ አይመለስም። ወገብ ከታጠፈ ሥራው ከቋንጃው ይወጣል። ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አታሠሩ።

ወለምታ ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አታሹት። ይህን የምለው ማሸት የሙያችን ክብር የሆነባቸው ሰዎች ስላሉ ነው፤ ትኩስ ጉዳት ሲታሽ ይበልጥ ይደማል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 15 ደቂቃ፣ መጠቅለያ፣ እግሩን ከልብ በላይ ማንሳት። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ላይ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ራጅ ይነሳ።

በመጨረሻም ሰኞ። እሁድ ተሸንፈው ሰኞ ዳገት የሚያስሮጡ አሠልጣኞች አሉ። ሩጫ ቅጣት አይደለም። እሁድ 90 ደቂቃ የተጫወተ ልጅ ሰኞ ያርፍ፤ ያልተጫወቱት ግን ይሥሩ፣ አለዚያ በወሩ መጨረሻ ተቀይሮ የገባው ልጅ በ15 ደቂቃ ይተነፍሳል።


ሰላም ደጋፊ
ረቡዕ፣ ምሽት 1፡05

በጾም ወቅትስ? ግማሾቹ ልጆች ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ ሌሎቹ ረመዳንን።


ወጌሻ ከገላን
ረቡዕ፣ ምሽት 1፡44

ሰዓቱን ለጾሙ አስገዙት እንጂ ልጁን ለሰዓቱ አታስገዙት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የውድድር ዘመኑን ሩብ ያህል ይይዛል። ልምምድ 11 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ልጁ 9 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር፣ በሶ ወይም ዳቦ በሻይ፣ በልቶ ይምጣ፣ ከልምምድ በኋላ ዋናውን ምግብ ይብላ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ከእንጀራ ጋር ጡንቻ ለመጠገን በቂ ነው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ማነሱ ነው። ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀላል የኳስ ሥራ ብቻ ይሁን፤ ከባዱ ከኢፍጣር በኋላ ወይም ይቀነስ። መብራት ከሌለ ይቀነስ።

ለውኃ ማሟያ፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር ልሙጥ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልሙጥ። ጨው አታብዙ፤ ከበዛ ይጎዳል።


ገመድና ጀሶ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡15

ሜዳውን ልጻፍ። የአቃቂና የቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይይዛል። ስንጥቁ ውስጥ የታኬታ ጫፍ ሲገባ ቁርጭምጭሚት ይሄዳል፤ ወጌሻው የሚያየው ግማሹ ጉዳት ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስንጥቁን በደረቅ አፈርና አሸዋ ቅልቅል ሙሉት፣ ውኃ አርከፍክፉ፣ በእንጨት ደቅድቁት፣ በማግሥቱ የወረደውን ድገሙት። ቀይ አሸዋ እዚህ በቅርብ ስለሚገኝ ሰው ላዩ ላይ ያፈሰዋል፤ እሱ ስለታም ነው፣ የወደቀውን ልጅ ጉልበት ይልጠዋል። ቀይ አሸዋ ከሥር፣ ለውኃ ማሳለፊያ ይሁን፤ ላዩን አፈር ይሸፍነው። ውኃ እንዳይቆም መሐሉ ከጎኖቹ ከፍ ይበል፤ 60 ሜትር ስፋት ላለው ሜዳ መሐሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢነሳ ይበቃል። የውኃ መውረጃ ቦዩ ከጎን መስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ አጠገቡ የቆፈረ ሰው እግር ሰበራ ነው የሚቆፍረው። ሣር ካሰባችሁ ሰርዶ ነው፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ቁርጥራጩን በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ፣ ሐምሌና ነሐሴን ሰውም ከብትም አይርገጠው።

መስመር ስትሠሩ ማዕዘኑን በገመድ አውጡ። 48 ሜትር ገመድ ላይ በ12 እና በ28 ሜትር ላይ ቋጠሮ አድርጉ፤ ሦስት ሰው ወጥሮ ሲይዘው ጎኖቹ 12፣ 16 እና 20 ይሆናሉ፣ በ12 እና በ16 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ገመድም ይሠራል፤ ግን ትንሽ ስህተት 100 ሜትር ሲሄድ ብዙ ይሆናል። ሳጥኑ ከእያንዳንዱ ቋሚ ውስጠኛ ጠርዝ 16.5 ሜትር ወደ ጎን፣ 16.5 ወደ ውስጥ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ 11 ሜትር፤ የመሐል ክቡ ከመሐል ነጥቡ 9.15። ግቡ 7.32 በ2.44። የሳጥኑ መስመር በትክክል ካልተሠመረ ደብተራችሁም ይዋሻል፤ «ከሳጥን ውስጥ» የምትሉት የት እንደሆነ አይታወቅምና።

ለመስመር ያልበረደ ኖራ በፍጹም አትጠቀሙ። ላብ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ያሳውራል። የጀሶ ዱቄት ወይም በውኃ የቀጠነ ነጭ ቀለም ይሁን።

ተንቀሳቃሽ የብረት ግብ ያላችሁ ደግሞ የኋላውን ብረት በአሸዋ በተሞላ ጆንያ እሰሩት፤ በአንድ ግብ ቢያንስ አራት ጆንያ። ሕፃናት ይንጠለጠሉበታል። የተገለበጠ ግብ ይገድላል። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ መሬት አስተኙት ወይም ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት እሰሩት።


የኮዬ ልጅ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

በሚቀጥለው ወር አዳማ የወዳጅነት ጨዋታ አለን። ባለፈው ስንሄድ ግብ ጠባቂያችን የሚመታው ሁሉ አጠረ፤ ኳሱም ለሰለሰ። ምክንያት አለው?


ሲ ላይሰንስ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 7፡10

አለው። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ፣ አዳማ በ1,600 ሜትር ገደማ ናቸው። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ይርቃል፣ ሲመታም ያነሰ ይታጠፋል። ታች አየሩ ይወፍራል፤ ረጅም ኳስ ያጥራል፣ ቅጣት ምት ይበልጥ ይታጠፋል። ኳሱ የለሰለሰውም በዚሁ ነው፦ እዚህ የነፋችሁት ኳስ ታች ሲወርድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ 0.07 ባር ያህል ይቀንሳል። የተፈቀደው ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ነው፤ በ0.65 ይዛችሁ ከወረዳችሁ ከሕጉ በታች ሆነ ማለት ነው። መለኪያና ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ደርሳችሁ ንፉ። ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፤ ረጥቦ የከበደ አሮጌ ኳስ ይዛችሁ አትሂዱ።

ለግብ ጠባቂው ከጨዋታው በፊት 15 ረጅም ኳስ ያስመቱት፤ የመስመር አጥቂዎቹ የት እንደምትወድቅ ይዩ። በፍጥነት መንገዱ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ይበቃል። ሙቀቱ ግን ከከፍታው ይልቅ ያደክማችኋል፤ በየአጋማሹ መሐል የውኃ ዕረፍት እንዲኖር ከዳኛው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።


መዝገብ ቤት
ሐሙስ፣ ምሽት 12፡40

ሁላችሁም ስለ ሜዳ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ወረቀት። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ዋጋ የሚኖረው ይህ ነው።

የልደት ቀን ሲገለበጥ በሁሉም ላይ 8 አትደምሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2000፣ እስከ ታኅሣሥ 21) የተወለደ ልጅ ላይ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ ወዲህ 8። ኅዳር 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ የካቲት 2000 የተወለደው 2008። የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በጥር 1 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ለሁሉም 8 የደመረ ጸሐፊ የኅዳሩን ልጅ በወረቀት አንድ ዓመት አሳነሰው። ልጁ ሳያውቅ «ዕድሜ ቀንሷል» ተብሎ ይታገዳል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊፋ በ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ያስመረምራል፤ ሆን ብሎ የቀነሰውም እዚያ ይያዛል። ዕድሜ ቀንሶ የተገነባ ወጣት ቡድን ወጣት ቡድን አይደለም፤ የአንድ ትክክለኛ ልጅ ቦታ ይወስዳል።

ሁለተኛው ምዝገባ ነው። ልጅ በክፍያ ወደ ውጭ ክለብ ሲዘዋወር ከዝውውሩ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። ይህን የሚያገኘው ግን በፌዴሬሽን በኩል በየዓመቱ ልጁን በስሙ ያስመዘገበ ክለብ ብቻ ነው። «ከኛ ሰፈር ነው የወጣው» የሚል ቃል አይከፍልም። ስለዚህ በየዓመቱ የምዝገባ ቅጹ ኮፒ፣ የልደት የምስክር ወረቀት ኮፒና ፎቶ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ በአንድ ሰው ቤት ሳይሆን በሁለት ቦታ። ደጋፊው ወርኃዊ መዋጮ ሲሰበስብ ከማሊያ በፊት ይህን ይክፈል።


የድሮ ስምንት ቁጥር
ሐሙስ፣ ምሽት 1፡30

የኅዳሩን ነገር ዛሬ ነው የተረዳሁት። በእኛ ዝርዝር ውስጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተወለዱ አራት ልጆች አሉ፤ ነገ ወረቀታቸው ይታይ።


ደብተር ያዥ
ሐሙስ፣ ምሽት 1፡58

አንድ የቀረ። የተጫዋች ደቂቃም መዝግቡ። ከ19 ዓመት በታች የሆኑት በየጨዋታው በድምር ስንት ደቂቃ ተጫወቱ? ሙሉ ጨዋታ 11 ሰው በ90 ደቂቃ 990 ደቂቃ ነው። ስድስት ልጅ ሙሉ ከተጫወተ 540 ነው። አሠልጣኙ «እየገነባሁ ነው» እያለ ይህ ቁጥር ከወር ወር ከወረደ፣ ለነጥብ ፈርቶ ልጆቹን እየቀየረ ነው ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ልጁ አንድ ስህተት በሠራ ቁጥር በ30ኛው ደቂቃ መውጣቱ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኳስ አይጠይቅም። ስለዚህ የወጣበትን ደቂቃም ጻፉ።


የቱሉ ዲምቱ ደጋፊ
ሐሙስ፣ ምሽት 2፡25

እግዚአብሔር ይስጥልን። ለእሁድ እንዲህ እንከፋፈል። ጨዋታው 4 ሰዓት ነው፤ ገመድና ጀሶ 2፡30 ላይ ለመስመር ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ እኔ አንዱ ነኝ። የማጥቃቱን ገጽ የኮዬ ልጅ፣ የመከላከሉን ሰላም ደጋፊ፣ በተለያየ ጎን። የጎል መነሻና የተጫዋች ደቂቃ ጋሼ ቢይዙልን ማን ከኳሱ ፊት እንደቀረ ከሁላችን በፊት ያያሉ። ጆንያ አራት አለን፤ አሸዋ የለንም፣ ለሁለተኛው ግብም አራት ጆንያ ይጎድላል።


ገመድና ጀሶ
ሐሙስ፣ ምሽት 2፡33

አሸዋውን አትግዙ። ከስንጥቅ መሙያው የተረፈ ከመልበሻው ጀርባ አለ፤ ስምንቱንም ጆንያ ይሞላል። አካፋ ይዛችሁ ኑ።


የድሮ ስምንት ቁጥር
ሐሙስ፣ ምሽት 2፡41

ደብተሩን እይዛለሁ። አግድም ነው የሚዞረው ወይስ የጎሉ ገጽ እንደ ወትሮው?


ደብተር ያዥ
ሐሙስ፣ ምሽት 2፡44

የጎሉ ገጽ እንደ ወትሮው ነው ጋሼ፤ ደቂቃ በግራ፣ መነሻ በቀኝ። የተጫዋች ደቂቃውን ከጀርባው ይጻፉት።